የአባቴ የጣሊያን ጫማ

አባቴ ጣሊያንን ካርታ ላይ አሳይ ቢሉት ይቸገር ነበር። ሆኖም ከሃያ ዓመት በላይ የጣሊያን ጫማ ሲሠራ ኖሯል።

መርካቶ፣ ሸራ ተራ፣ ከአንድ መጋዘን ጀርባ አራት ሰው ጉልበት ለጉልበት እየተነካካ የሚቀመጥባት ክፍል ነበረችው። ቆዳው እዚያው ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ ፎርማ ላይ ይወጠራል፣ ሶሉ በማስቲሽ ይጣበቃል። ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል፤ ያንን ሥራ አባቴ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የጋለች የብረት ማህተም ያነሳል፣ ተረከዝ በሚያርፍበት ገበር ላይ ወርቃማ ወረቀት ያነጥፋል፣ ትንፋሹን ይዞ ጫን ያደርጋል። ጥቂት ጭስ ይወጣል። ወረቀቱ ሲነሳ ‹‹ሜድ ኢን ኢታሊ›› የሚል የሚያብረቀርቅ ጽሑፍ ይቀራል።

አምስተኛ ክፍል ገብቼ የእንግሊዝኛ ፊደል ማገጣጠም ስጀምር መጀመሪያ ካነበብኳቸው ቃላት መካከል እነዚህ ሦስቱ ነበሩ።

‹‹አባዬ፣ ጣሊያን አገር የተሠራ ነው ይላል እኮ።››

‹‹ይላል።››

‹‹አንተ አይደለህም እንዴ የሠራኸው?››

‹‹ጫማውን እኔ ሠራሁት። ዋጋውን ጣሊያን ይሥራው።››

በዚያን ጊዜ፣ 1986 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው፣ አከፋፋዩ ማህተም የሌለውን ጥንድ በ60 ብር፣ ማህተም ያለበትን በ80 ብር ይረከብ ነበር። ቆዳው አንድ፣ ክሩ አንድ፣ የአባቴ ጣት አንድ። የ20 ብሩ ልዩነት ያቺ ጥቂት ጭስ ናት። አንድ ጊዜ ወርቃማው ወረቀት አልቆበት አሥራ ሁለት ጥንድ እንዲሁ ልኮ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ተመልሰው መጡ። ‹‹ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ተራ ዕቃ አይላኩብኝ እንጂ›› የሚል መልእክት አብሮ መጣ። አባቴ ወረቀቱን ገዝቶ እነዚያኑ ጫማዎች ማክሰኞ መልሶ ላካቸው፤ ረቡዕ ገንዘቡ ተከፈለው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ አከፋፋይ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ካርቶን አቀብል ነበር። ያኔ ያየሁት የገዢ ሥርዓት ዛሬም አልተለወጠም። ሰውየው ጫማውን ያነሳል፣ ያሸተዋል፣ በአውራ ጣቱ ጫፉን ይጫነዋል፣ ሶሉን ያጥፈዋል። አፍንጫውና ጣቱ እውነቱን ነግረውታል፤ ቆዳ ነው፣ ደህና ተሰፍቷል። ይህን ሁሉ ካረጋገጠ በኋላ ውስጡን ገልጦ ያነብባል፤ ቀና ብሎም ‹‹የውጭ ነው?›› ብሎ ይጠይቃል። የገዛ ጣቱን ምስክርነት ለሦስት ቃላት አሳልፎ ይሰጣል።

ይህ ጥያቄ ዕቃው ከየት እንደመጣ ለማወቅ የሚጠየቅ አይመስለኝም። ‹‹የውጭ›› በእኛ ገበያ የማዕረግ ስም ነው፤ እንደ ቀኛዝማች፣ እንደ ግራዝማች። ከየትኛው አገር ነው ብሎ የሚቀጥል ሰው ጥቂት ነው። ሕጉ የማይፈቅደው ልባሽ ጨርቅ በድብቅ ገብቶ ሲዘረገፍ፣ ሌላ ሰው ለብሶ የጣለውን ሸሚዝ ‹‹ሳልቫጅ ነው፣ ኦርጅናል ነው›› እያልን የምንሻማው አዲሱን የአገር ውስጥ ሸሚዝ በግራ እጃችን ገፋ አድርገን ነው። ያ ሸሚዝ አሮጌ መሆኑ ከማዕረጉ አይቀንስበትም።

ለምን ጣሊያን ተመረጠ ብዬ አባቴን ጠይቄው ነበር። ‹‹ማህተሙን የሚሸጠው ሰውዬ ያለው እሱ ነበር›› አለኝ። እኔ ግን ሌላ ምክንያትም አይጠፋም ባይ ነኝ። የአባቴ ሥራ ቤት ሲወራበት የሚውለው ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነበር፤ ፎርማው፣ ማስቲሹ፣ ክፍሉ የነበረበት መርካቶ ራሱ። በ1888 ዓ.ም. አብዛኛው በባዶ እግሩ ዘምቶ አድዋ ላይ ያሸነፈው ሰው የልጅ ልጅ፣ መቶ ዓመት ሳይሞላ፣ ጫማው ላይ የተሸናፊውን ስም ካላየ አልገዛም ማለቱ ያስቀኛል። አባቴን ግን አያስቀውም። ‹‹ጦርነት ሌላ፣ ጫማ ሌላ›› ይላል።

እናቴ ደግሞ የሌላ ገበያ ሰው ነበረች። እሷ አትክልት ተራ ወይም ዶሮ ተራ ስትሄድ ተከትያት ስሄድ፣ አባቴ ሱቅ የሰማሁት ጥያቄ ተገልብጦ ይጠብቀኛል። ‹‹የሐበሻ ነው የፈረንጅ?›› እንቁላሉ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም ቆሽሿል፤ የሐበሻ ከሆነ ግን ከትልቁና ከንጹሑ የፈረንጅ እንቁላል በላይ ያወጣል፣ እናቴም ሳትከራከር ትከፍላለች። ለበዓል የፈረንጅ ዶሮ ይዞ የመጣ ባል በሰፈራችን ወሬ ይሆን ነበር፤ ‹‹ወጡ ውስጥ ሟሟ›› ይባልለታል። ሽንኩርቱም፣ ጎመኑም የሐበሻ ሲሆን ዋጋው ከፍ ይላል። ቅቤ የሸኖ፣ በርበሬ የማረቆ፣ ማኛ ጤፍ የአድአ እየተባለ በትውልድ መንደሩ ይጠራል። ማጭበርበሩም የዚያኑ ያህል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሸኖ ያልሆነ ቅቤ ተሸጦ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሸኖ ያን ሁሉ ቅቤ ለማውጣት ስንት ላም ሊኖራት እንደሚገባ እግዜር ይወቅ።

ስለዚህ ‹‹ሐበሻ የራሱን አይወድም›› የሚለው ወቀሳ ሲሰነዘር እናቴ ትዝ ትለኛለች። የራሳችንን እንወዳለን፤ የሚበላ ከሆነ። የሚበላውን ደግሞ መንደሩን ጠርተን እንወደዋለን። የሸራ ተራ ጫማ ብሎ በኩራት የሚጠራ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ልብስ መሐል ላይ ነው። በዓል ሲደርስ ሽሮ ሜዳ የሚወጣው ሰው ‹‹የእጅ ነው?›› ብሎ ይጠይቃል፤ ሸማኔው የለፋበትን ጥበብ ጨርቁን ገልብጦ በጀርባው እያየ ያረጋግጣል። ዛሬ ግን እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ከውጭ በጥቅል የሚገባ፣ የሐበሻ ጥለት በማሽን የታተመበት ጨርቅ በርካሽ ይሸጣል። መጀመሪያ ሳየው አባቴን ነበር ያስታወሰኝ። እሱ የሐበሻውን ጫማ ጣሊያን ብሎ ሲያትም፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ የሩቅ አገር ፋብሪካ የራሱን ጨርቅ ሐበሻ ብሎ ያትማል። ሁለቱ ቢገናኙ የሚግባቡ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ነገር በአንድ ሻንጣ ውስጥ ተጠቃልሎ ያየሁት የእናቴ የአክስት ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣች ጊዜ ነው። እትዬ እያልን ነበር የምንጠራት። ስትመጣ ሁለቱ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎቿ በስኒከር፣ በሎሽን፣ በቪታሚን፣ በልጆች ጃኬት ተወጥረው ነበር። ስትመለስ እነዚያው ሻንጣዎች ባዶ ሆነው ሳሎን መሐል ተከፈቱ። በርበሬ ገባ፣ ሽሮ ገባ፣ ሚጥሚጣ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቡና። እናቴ ሚዛን ተውሳ አምጥታ ሻንጣውን እያነሳች እያስቀመጠች ግራሞቹን ትቆጥራለች። አባቴ ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ካርቶን አመጣና ‹‹ይህ ለባለቤትሽ›› አላት። ከሠራቸው ሁሉ ምርጡ ነበር፤ ሦስት ቀን እንደፈጀበት አውቃለሁ።

እትዬ ከፈተችው፣ አደነቀችው፣ ውስጡን ገልጣ አነበበች። ከዚያ እንዳያዝን በለሆሳስ፣ ‹‹ወንድምዬ፣ ይህን እንኳ እዚያም እናገኘዋለን፤ ለአንተ ውድ ነው፣ ሽጠው። ይልቅ አንድ ኪሎ ሽሮ ብጨምርበት ይሻለኛል›› አለችው። አባቴ ካርቶኑን ተቀብሎ ዘጋው። እኔ እሱን አየሁት፣ እሱ እናቴን አያት፣ እናቴ ሚዛኑን ታያለች። እናቴ ለአሜሪካ ዘመዶቿ በደብዳቤ የጻፈችው ‹‹ባለቤቴ ጫማ ነጋዴ ነው›› ብላ ነበርና ማንም አልተናገረም።

ነጋዴ ነው ያለችው ለምን እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

የአባቴ አባት በሰሜን ሸዋ ቆዳ ፋቂ ነበር። ፋቂ የሚለው ቃል የሥራ ስም ነው፤ በዚያ አገር ሲጠራ ግን እንደ ሥራ ስም ሆኖ ተጠርቶ አያውቅም። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራዋ፣ ሸማ የሚሸምነው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሁሉም ዓይናቸው ይፈራል፣ ቡዳ ናቸው ይባላል፣ ልጅ አይሰጣቸውም። ማረሻ ያለ ቀጥቃጭ፣ እንጀራ ያለ ምጣድ ሠሪ፣ አልጋ ያለ ጠፍር እንደማይሆን እያወቀ ነው ሰው የሚንቃቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር፤ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ገበሬውን ሳይቀር በየስድቡ እየጠሩ። አዋጁ ከወጣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው አባቴ ከመንደሩ ልጆች ጋር ውኃ ቀድቶ እንዳይጠጣ የተደረገው። አዲስ አበባ ሲገባ ቆዳውን አልተወውም፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። መንደሩን ግን ተወው። ከየት ነህ ሲሉት የአንዲት ከተማ ስም ይጠራል እንጂ የተወለደባትን ቀበሌ አይጠራም።

ያቺን ማህተም ሳስባት እንግዲህ 20 ብሩ ብቻ አይደለም የሚታየኝ። ማህተሙ የሠሪውን መንደር ይሸፍን ነበር። ‹‹ሜድ ኢን ኢታሊ›› የሚለው ጫማ አባት የለውም፣ አያት የለውም፣ ዓይኑ አይፈራም። የሩቁ ሠሪ ንጹሕ ነው፤ አናውቀዋማ። የምናውቀውን ሠሪ ግን ከሥራው በፊት ዘሩን እናያለን። የሸኖን ቅቤ መንደሩን ጠርተን የምንገዛው ገበሬነት በእኛ ዘንድ ከሁሉ የተከበረ ሙያ ስለሆነ ይመስለኛል። እጅ ሥራ ግን መንደሩ ሲጠራ ዋጋው ይወርዳል። የአገር ውስጥ ምርት ይደገፍ የሚሉ መፈክሮች፣ በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው ‹‹ኢትዮጵያ ታምርት›› ንቅናቄም ጭምር፣ ስለ ማሽን፣ ስለ ብድርና ስለ ጥሬ ዕቃ ብዙ ይናገራሉ። ስለዚህኛው ሲናገሩ አልሰማሁም።

ይህን ሸክም ከላዩ ላይ አውልቆ የጣለ ሰው የለም ማለቴ አይደለም። ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት የተነሳችው እኛ በረባሶ እያልን የድሃ ምልክት ካደረግነው የጎማ ጫማ ነበር። አሮጌ ጎማውን ሶል አድርጋ፣ በእጅ የተፈተለ ጨርቅ ጨምራ፣ የተሠራበትን የዘነበወርቅን ሰፈር ሳትደብቅ እስከ ታይዋን ድረስ ሸጠችው። አባቴ በቴሌቪዥን አይቷት ‹‹በረባሶ?›› ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ገዢውን ብቻ ከወቀስኩ ግን ውሸታም እሆናለሁ። እኔም ገዢ ነኝ። ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ የጫማ ሠሪ ልጅ ነኝ በሚል ወኔ፣ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ጥቁር ጫማ ገዛሁላት። በሦስተኛው ሳምንት ሶሉ እንደ አዞ አፍ ተከፈተ። ይዤው ስመለስ ሻጩ ‹‹ልጅቷ ትሮጣለች መሰለኝ›› አለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ምን እንድታደርግ ጠብቆ እንደነበር አላውቅም። ለአባቴ ሳሳየው ገልብጦ አየውና ‹‹ማስቲሹ ሳይደርቅ ነው የተጣበቀው፤ ቸኩለዋል›› አለ፤ ክፉ ቃል አልጨመረም። የሚቀጥለውን የገዛሁት ከውጭ የገባ ነበር።

ይህ ጥርጣሬ ከሰማይ አልወረደም። ለእኛ የሚቀርበው ዕቃ ብዙውን ጊዜ የተረፈው ነው። የደጋ በጋችን ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ለእጅ ጓንት በዓለም ተፈላጊ ነው፤ አባቴ ያንን ቆዳ የሚያውቀው ሞጆ ያሉ ፋብሪካዎች የማይፈልጉት፣ መዥገር የበሳው፣ ቢላ የነካው ሲሆን ነው። ቡናውም እንደዚያው፤ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀውን አገር ውስጥ መሸጥ ሲያስቀጣ ኖሯል፤ እኛ የምንቆላው ደረጃውን ያላሟላውን ነው። እንግዳ መጥቶ ‹‹ይህ እኮ ኤክስፖርት ነው›› ብለን ቡና ስናቀርብ፣ የገዛ አገራችንን ቡና ‹‹የውጭ›› የሚል ማዕረግ እየሰጠነው ነው። ምርጡ ወደ ውጭ እንደሚሄድ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው፣ ምርጡ ከውጭ ይመጣል ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል?

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ መርካቶን ሲያጥለቀልቅ የአባቴ ክፍል ከአራት ሰው ወደ አንድ ሰው ወረደች። እነዚያ ጫማዎች ያምሩ ነበር፤ ቀላል፣ ሹል፣ የሚያብረቀርቁ፣ ደግሞም በሐቅ የውጭ። የአባቴ ሐሰተኛ ጣሊያን ከእውነተኛ ቻይና ጋር መወዳደር አልቻለም። ከሸራ ተራ ብዙዎቹ ጠረጴዛቸውን ሸጠው ወጡ፤ ከጎናችን የነበረው ሰው ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆነ። ከዚያ ክረምት መጣ፣ ሁለተኛ ክረምትም መጣ። ሊስትሮዎቹ ናቸው ለውጡን መጀመሪያ ያወቁት፤ ሰው ቀለም ከማስቀባት ይልቅ አፍ ማስጠገን አበዛ። ሠሪዎቹም በበኩላቸው ተኝተው አልጠበቁም፤ የቻይናውን ሞዴል ገልብጠው፣ የተሻለ ሶል አስገብተው፣ ቆዳውን ግን ቆዳ አድርገው መለሱት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአገር ውስጥ የቆዳ ጫማ ገበያውን መልሶ ያዘ። አባቴ እነዚያን ዓመታት ሲያወራ የሚመሰገነው ሰኔና ሐምሌ ነው። ‹‹ዝናብ ማህተም አያነብም›› ይላል።

አሁን ደግሞ ምንዛሪው ሌላ ዝናብ ሆኗል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ ሲከለከል፣ ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ ‹‹እንግዲህ ሰው ወደ አገሩ ዕቃ ይመለሳል›› ተብሎ ነበር። መመለሱንስ ተመልሷል፤ ኪሱ እየጎተተው። ግን የአባቴን ክፍል የወረሰው የቀድሞ ረዳቱ ዋጋ ሲቆልል አየሁት። ሶሉ ከውጭ ነው፣ ማስቲሹ ከውጭ፣ ክሩም፣ ገበሩም፣ መርፌውም። በአገር ውስጥ ጫማ ውስጥ የአገር ውስጥ የሆነው በጉና የሠሪው ጣት ናቸው። ያ ልጅ አሁን የሚመታው ማህተም የቱርክ ነው። ጣሊያን አርጅቷል ይላል።

በ2004 ዓ.ም. ለሠርጌ አባቴን ጫማ እንዲሠራልኝ ጠየቅኩት፤ ‹‹ያለ ማህተም›› አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ስሙን እንዲያስቀርጽበት ላባብለው ሞከርኩ። ‹‹ማን ያነበዋል?›› አለ። ቡናማ ጫማ ሠራልኝ፤ ውስጡ፣ ተረከዝ በሚያርፍበት ቦታ፣ ምንም የሌለበት ንጹሕ ገበር ነበር። ሚዜዎቼ ሦስቱም ከውጭ በመጣ ጫማ ነበሩ፤ የእኔን የት እንደገዛሁት ጠየቁኝ።

ያ ጫማ ዛሬም አለ። ሁለት ጊዜ ሶል አስለውጬዋለሁ። ባለፈው ወር ፒያሳ አንድ ሊስትሮ ዘንድ ተቀመጥኩ፤ ከአሥራ አራት ዓመት አይበልጠውም። አቧራውን አራግፎ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ጣቱን በጫማው አፍ ሰደድ አድርጎ ገበሩን ዳሰሰ። እንደዚያ የሚዳስሱት ቆዳ የሚያውቁ ልጆች ናቸው።

‹‹ጋሼ፣ የውጭ ነው አይደል?››

‹‹አይደለም። አባቴ ነው የሠራው።››

ቀና ብሎ አየኝ፣ ጫማውን አየ፣ የስፌቱን መስመር በአውራ ጣቱ ጥፍር ከጫፍ እስከ ተረከዝ ተከተለው። ምንም አላለም። ቀለሙን ቀባ፣ በጨርቅ አሸው፣ ከዚያ በብሩሹ ሣጥኑን ሁለት ጊዜ መታ፤ ሌላኛውን እግር ማለቱ ነው።